«አገሩን ለመድከው?» ባንድ ቃል የማይመለስ ጥያቄ

ባሕር ማዶ የሄደ ሰው ስልክ ባነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «እንዴት ነው፣ አገሩን ለመድከው?» ጠያቂው ከልቡ ተጨንቆ ነው የሚጠይቀው። ተጠያቂውም ጠያቂውን ላለማስጨነቅ «አዎ፣ ደህና ነኝ፣ እየለመድኩት ነው» ይላል። ስልኩ ሲዘጋ ጥያቄው አብሮት ይቀራል። ስድስት ወር ሆነኝ፣ ታዲያ ለምን አልለመድኩም? አብሮኝ የመጣው ልጅ ሥራ ይዟል፣ ቋንቋውንም ያቀላጥፈዋል። እኔ ምን ነካኝ?

ምንም አልነካውም። «መልመድ» ብለን ባንድ ቃል የምንጠራው ነገር ውስጡ ብዙ ነው። ወረቀት አለ፣ ቋንቋ አለ፣ ሥራ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ የቤተሰብ ነገር አለ። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። አንዱ በወራት ይደርሳል፣ ሌላው ዓመታት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወደኋላ ተመልሶ ነው ወደፊት የሚሄደው። አዲስ አገር የገባ ሰው ከሚሰቃይባቸው ነገሮች ትልቁ፣ በእኔ እምነት፣ ሁሉም ባንድ ቀን ይደርሳል ብሎ መጠበቁ ነው። እሱ ብቻም አይደለም። ቤተሰቡም፣ የተቀበለው አገር መንግሥትም እንደዚያው ይጠብቃሉ።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወለዱበት አገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች 304 ሚሊዮን ነበሩ። በ1990 ቁጥሩ የዚህ ግማሽ ያህል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወረቀት ወራት

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወረቀት ያልቃሉ። ቤት ለመከራየት የደመወዝ ማስረጃ ይጠየቃል። ደመወዝ ለመቀበል የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል። የባንክ ሂሳብ ለመክፈት የመኖሪያ አድራሻ አምጣ ይባላል። አድራሻ እንዲኖር ደግሞ ቤት መከራየት አለበት። ሰውየው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ውሎ ተመልሶ የጀመረበት ቦታ ራሱን ያገኘዋል። ማታ ሲተኛ «ያልገባኝ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሥርዓቱ የተሠራው እዚያው ለተወለደ ሰው ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ እነዚህን ወረቀቶች የሚያገኘው በ18 ወይም በ20 ዓመት ውስጥ፣ አንድ በአንድ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን ገና በሕፃንነቱ ያገኛል። የባንክ ሂሳቡን ወላጆቹ ይከፍቱለታል። አድራሻው የቤተሰቡ ቤት ነው። መጀመሪያ ሲከራይ አባቱ ዋስ ይሆኑታል። አዲስ የገባው ሰው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ ዋስ፣ በማያውቀው ቋንቋ እንዲያሟላ ይጠየቃል። የብድር ታሪክም ድንበር አይሻገርም። አገሩ ላይ 20 ዓመት ዕዳውን በቀኑ ሲከፍል የኖረ ሰው አዲሱ አገር መዝገብ ላይ ባዶ ገጽ ነው።

እንደዚህ ካሉት ቀለበቶች መውጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወረቀት ነው። ሌሎቹን የሚከፍት ቁልፍ ወረቀት። ጀርመን ውስጥ አድራሻን ማስመዝገብ ነው። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የግብር መለያ ቁጥሩም የሚመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ስዊድን ውስጥ የግል መለያ ቁጥሩ ነው። እሱ ከሌለ ትንሹ ነገር ሁሉ ይከብዳል። ስለዚህ ቀድሞ ለመጣ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ምን ያስፈልጋል?» የሚል ከሆነ መልሱ ረጅም ዝርዝር ነው። «መጀመሪያ የትኛው?» የሚለው ይሻላል።

መብት ማወቅም ቀለበቱን ይሰብራል። በ2014 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው ይላል። ጥገኝነት ጠያቂዎችንና ቋሚ አድራሻ የሌላቸውን ሰዎች በስም ጠቅሶ ያካትታል። ይህን የማያውቅ ሰው «አድራሻ የለህም» ሲባል ዝም ብሎ ይመለሳል። የሚያውቅ ሰው ግን «እባክዎ ኃላፊዎን ያነጋግሩልኝ» ማለት ይችላል።

የወረቀቱ ሰዓት ሲቆም ደግሞ ሌሎቹንም ያቆማቸዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት የጥገኝነት ውሳኔ ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎችን መረመረ። ውሳኔው በአንድ ተጨማሪ ዓመት ሲዘገይ፣ ሰዎቹ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ሥራ የመያዛቸው መጠን ከ4 እስከ 5 የመቶኛ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የታየው ፈቃዱ ከተሰጣቸው በኋላ ነው። መጠበቁ ራሱ ሰውን ይጎዳል። ሙያ ይዝጋል፣ ወኔ ይደክማል። ይህ ያንገበግበኛል። ሰውን ለዓመታት «ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ብሎ ካቆዩ በኋላ «ለምን እስካሁን ራስህን አልቻልክም?» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

በብዙዎች አፍ ያለው ኩርባ

ስለ ካልቸር ሾክ፣ አዲስ ባህል ውስጥ ሲገቡ ስለሚመጣው መደናገር፣ ያነበበ ሰው አንድ ሥዕል ያውቃል። መጀመሪያ ደስታ ነው፣ እንደ ጫጉላ ሽርሽር። ከዚያ ቁልቁል መውረድ አለ። በመጨረሻ ቀስ እያሉ መውጣት ይመጣል። ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል መስመር ነው። በስልጠናው ሁሉ ይቀርባል።

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ካለርቮ ኦበርግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ነው። በ1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ንግግር አደረገበት፤ ጽሑፉ በ1960 ታተመ። ኦበርግ ያለው ነገር ዛሬም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭንቀቱ የሚመጣው በየቀኑ ሳናስብ የምንመራባቸው ትንንሽ ምልክቶች ሲጠፉብን ነው ይላል። መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መቼ እንደሚሰጥ፣ ግብዣ መቼ እንደሚቀበሉና መቼ እምቢ እንደሚሉ፣ ሰው የተናገረውን መቼ ከምር እንደሚወስዱት።

የመጨረሻው በጣም ያደክማል። ጎረቤት «አንድ ቀን እንገናኝ» ሲል ግብዣ ነው ወይስ መሰነባበቻ? አለቃ «ሐሳቡ ደስ ይላል» ሲል ተቀበለው ማለት ነው ወይስ በትህትና ጣለው? ተወልደው ባደጉበት ቦታ ይህን የሚፈታው ጆሮ ነው፤ ጭንቅላት አይደክምም። አዲስ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ነገር ታስቦ ይሠራል። ሰላምታው ታስቦ፣ ዝምታው ታስቦ፣ ሳቁ ታስቦ። ለዚህ ነው አዲስ የገባ ሰው ምንም ከባድ ሥራ ሳይሠራ ውሎ ማታ ላይ ተሰባብሮ የሚገባው። ስንፍና የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህ ድካም ነው።

የኩርባው ታሪክ ግን ሌላ ነው። መነሻው ስቨሬ ሊስጋርድ የተባለ ኖርዌያዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1955 ያሳተመው ሥራ ነው። ለትምህርትና ለምርምር አሜሪካ ሄደው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን አነጋገረ። ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ከሌሎቹ ያነሰ ተስማምቷቸው ነበር። ከ6 ወር በታችና ከ18 ወር በላይ የቆዩት የተሻሉ ነበሩ። አስተውሉ። ያወዳደረው የተለያዩ ሰዎችን ነው። አንድን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትሎ «እንዲህ ወረደ፣ እንዲህ ወጣ» አላለም። ሰዎቹም የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኙ፣ መመለሻቸው የታወቀ፣ ወረቀታቸው የተሟላ ነበሩ።

በ1998 ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የሄዱ የጃፓን ተማሪዎችን ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ጫጉላ የሚባል ነገር አላገኙም። በጣም የከበደው ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ እየቀለለ ሄደ።

ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር። ግን ሰው ላይ ይደርሳል። በሁለተኛው ሳምንት የሚያለቅስ ሰው «ይሄ እኮ የደስታው ጊዜ ነው ተብሏል፤ እኔ ከአሁኑ እንዲህ ከሆንኩ ኋላ ምን ልሆን ነው?» ብሎ ይደነግጣል። ሁለት ዓመት ሞልቷት ያልተሻላት ሴት ደግሞ መስመሩ ለምን እንዳልወጣላት ራሷን ትመረምራለች። የኩርባው ደግነት «ብቻህን አይደለህም» ማለቱ ነው። ጉዳቱ የቀን መቁጠሪያ ማስያዙ ነው።

አፍ መፍታት

ቋንቋ ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ ከ1979 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች የስደተኛ ልጆችን ቋንቋ ለሁለት ከፈለው። የጨዋታ ቋንቋ አለ፤ እሱ በሁለት ዓመት ገደማ ይመጣል። የትምህርት ቤት ቋንቋ አለ፤ እዚያ ደረጃ ከእኩዮች ጋር ለመድረስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። መምህሩ ልጁ በእረፍት ሰዓት ሲንጫጫ ያይና «ቋንቋው አለቀለት» ብሎ ያስባል። ፈተና ላይ ሲወድቅ ደግሞ «ጭንቅላቱ ነው» ይላል። ለወላጆች ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ይጠቅማል። ልጃችሁ በሁለተኛው ዓመት በጽሑፍ ፈተና ቢንገዳገድ፣ ከመደናገጣችሁ በፊት ከትምህርት ቤቱ የቋንቋ ድጋፍ ጠይቁ።

አዋቂ ላይም ያው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀለል የሚሉትን ቋንቋዎች ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመማር ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ገደማ ይበቃል ይላል። ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛ፣ ለኮሪያኛና ለዓረብኛ 2,200 ሰዓት ይመድባል። እነዚህ ተማሪዎች እንግዲህ ሥራቸው መማር ብቻ የሆነ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሙሉ ቀን የሚማሩ ሰዎች ናቸው። ሌሊት ሠርቶ በሳምንት ሁለት ማታ ክፍል የሚገባ ሰው በዚህ ስሌት ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አስሉት። «አምስት ዓመት ኖሮ ቋንቋ አይችልም» የሚባለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ይህን ሂሳብ አይሠራም።

ከሰዓቱ በላይ የሚያመው ግን ማነስ ነው። በራሱ ቋንቋ ቀልድ አዋቂ የነበረ ሰው አዲሱ ቋንቋ ላይ ዝምተኛ ይሆናል። ክርክር የማይሸነፍ የነበረ ሰው «እሺ» ብሎ ይወጣል፤ የተስማማው መከራከሪያ ቃል ስላጣ ነው። ሰዎች የሚያውቁት ይህን አዲሱን፣ ዝምተኛውን ሰው ነው። እሱ ግን ያኛው ነኝ ይላል በልቡ። ይህን ሐዘን ላልቀመሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ልጆች ከወላጆች ቀድመው ቋንቋውን ይይዛሉ። ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናቷ አፍ ትሆናለች። ደብዳቤ ታነባለች፣ ስልክ ትመልሳለች፣ ሐኪም ፊት ተቀምጣ የእናቷን ሕመም ታስተረጉማለች። ብልጥ ልጅ ናት፣ ትኮራበትም ይሆናል። ግን ልጅ መስማት የማይገባትን ትሰማለች፤ እናትም ለልጇ መንገር የማትፈልገውን ሕመም ትደብቃለች። ሐኪሙ ግማሹን ብቻ ይዞ ያክማል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያዝ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንኛዋም ቀድማ ብትጠና ደስ ይለኛል።

ሙያ ይዞ መምጣት

ሥራ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ ሙያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጠበቃ፣ መምህር። አንዳንዱ አይፈልግም፤ ኮምፒውተር ፕሮግራመር፣ የሽያጭ ሠራተኛ። የመጀመሪያው ወገን መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ተጽፏል። የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ፈተና እንደሆነ ይታወቃል። ጀርመን በ2012 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ማንኛውም ሰው፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን፣ የውጭ የሙያ ማስረጃው ከጀርመኑ ጋር እንዲመዘንለት የመጠየቅ መብት አለው። ሁለተኛው ወገን ፈቃድ አይጠየቅም፤ ግን ለምን እንዳልተጠራ የሚነግረውም የለም።

ለምን እንደማይጠራ በከፊል እናውቃለን። ፊሊፕ ኦሬዮፑሎስ የተባለ ኢኮኖሚስት ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የተፈጠሩ ሲቪዎችን ለእውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታዎች ላከ። ውጤቱ በ2011 ታተመ። ትምህርቱና ልምዱ አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ ሲቀየር፣ የእንግሊዝኛ ስም ያለው የቻይና፣ የሕንድ ወይም የፓኪስታን ስም ካለው በግልጽ ይበልጥ ይጠራ ነበር። ልምዱ ሙሉ በሙሉ የውጭ አገር ሲሆን ጥሪው የባሰ ቀነሰ። ጥቂት የካናዳ ልምድ ሲጨመርበት ተሻሻለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ መቶ ቦታ አመልክቶ መልስ ያጣ ሰው ችግሩ ሁሉ የራሱ ነው ብሎ አይደምድም። አድልዎው አለ፣ ተለክቷል። ሁለተኛ፣ ያ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ልምድ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከራሱ ክብደት በላይ ይመዝናል። ለዚህ ነው ከሙያ በታች የሆነ የመጀመሪያ ሥራ አያሳፍርም የምለው። አደገኛ የሚሆነው መውጫው ሳይታሰብ ሲቀር ነው። መሐንዲስ የነበረው ሰው መጋዘን ይገባል። ለጊዜው ነው ይላል። ፈረቃው ክፍል የሚማርበትን ማታ ይበላዋል። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሙያው ላይ የአምስት ዓመት ክፍተት ተፈጥሯል፤ ቀጣሪ የሚያየውም ያንን ክፍተት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ሲይዙ የማስረጃ ማስመዘኛውን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ማስገባት፣ ለፈተናው ቀን መቁረጥ። ይህ ልዩነት ያመጣል።

ሥራ የሚገኝበትን መንገድ ደግሞ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ሥራ አሳይቶናል። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ያንን የነገረህን ሰው ምን ያህል ታገኘው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ዘወትር» ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተቀሩት «አልፎ አልፎ» ወይም «ከስንት አንዴ» አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኞቻችን የምናውቀውን ነው የሚያውቁት። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው። አዲስ የገባ ሰው ያጣው በዋናነት ይህንን ነው። የቅርብ ሰው ይኖረዋል፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ። የሌለው በሰላምታ ብቻ የሚያውቃቸው ሁለት መቶ ሰዎች ናቸው። እነዚያን ማንም በሻንጣ ይዞ አይመጣም።

ጓደኛና የአገር ልጅ

ጓደኝነት በሰዓት ይቆጠራል ሲባል ይቀፋል። ግን ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ቆጥሮታል፤ ከጠየቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ በቅርቡ ቦታ ቀይረው አዲስ ጓደኛ የሚፈልጉ ነበሩ። ከትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 በላይ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። በሥራ ቦታ አብሮ የዋለው ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አይቆጠርም።

ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ቀለለኝ። ሁለት መቶ ሰዓት ማለት በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት አብሮ ለሚያሳልፍ ሰው ሁለት ዓመት ነው። አዲስ አገር ላይ አንድ ዓመት የኖረ ሰው የልብ ጓደኛ ባይኖረው የሰዎቹ ቅዝቃዜ ወይም የእሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሰዓቱ አልሞላም። አንድ ጊዜ የሚደረግ ትልቅ ድግስ ሰዓት አይሞላም። በየሳምንቱ ያው ቀን፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዎች ያሉበት ነገር ይሞላዋል። ኳስ ይሁን፣ መዘምራን ይሁን፣ የሰፈር አትክልት ቦታ ይሁን።

«ከአገርህ ሰው ራቅ፣ አለዚያ አትለምድም» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። አልስማማበትም። ስዊድን ከ1985 ጀምሮ ስደተኞችን በየከተማው በትና ታሰፍር ነበር። በ2003 የታተመ ጥናት ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ ሲመረምር፣ በተለይ ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃ ያላቸው ሰዎች የአገራቸው ሰው በብዛት ባለበት ቦታ ሲኖሩ ገቢያቸው የተሻለ ሆኖ አገኘው። የመጀመሪያው ሥራ፣ የመጀመሪያው ቤት፣ «ያ ቢሮ ማክሰኞ ይሻላል» የሚለው መረጃ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ጆን ቤሪ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁርም ለአሥርት ዓመታት ባጠናው ጉዳይ፣ ብዙውን ጊዜ የተሻለ የሚሆንላቸው የራሳቸውን ይዘው አዲሱንም የሚቀላቀሉት ናቸው ይላል። ሁለቱንም ያጣ ሰው ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

በእርግጥ ምክሩ ውስጥ አንድ እውነት አለ። የአገር ልጅ ክበብ ብቻውን ሲሆን ወሬው ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ሥራውም አንድ ዓይነት ይሆናል። እዚያ ጀምሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

የቀሩት ሰዎች

ከሄደው ሰው ጀርባ የሚቆጥር ሌላ ሰዓት አለ፤ የቤተሰብ ሰዓት። በቤተሰብ ሰዓት ልጁ ከአውሮፕላን ከወረደበት ቀን ጀምሮ ገቢ አለው። በእሱ ሰዓት ግን ገና አድራሻ የለውም። ክፉ ሰው የለም በመካከል። ችግር አለ፣ ተስፋ አለ፣ ምናልባት ለጉዞው የተበደሩት ዕዳ አለ። የሚልከው ገንዘብ ራሱ መንገድ ላይ ይሸራረፋል። የተባበሩት መንግሥታት የመላኪያ ወጪ በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ ይዘዋል፤ በዓለም ባንክ ክትትል አማካዩ አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው የቋንቋ ክፍልን ለተጨማሪ ፈረቃ መተው ነው። ዛሬ የሚላከውን ያበዛል፤ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የሚላከውን ያሳንሳል። ይህን ለቤተሰብ በግልጽ መንገር ይከብዳል። ግን «ስድስት ወር ትንሽ ትንሽ እልካለሁ፣ እየተማርኩ ነው» ብሎ መናገር ዝም ብሎ ከመሰባበር ይሻላል። ቤተሰብም ብዙ ጊዜ ከምናስበው በላይ ይረዳል፤ እውነቱ ከተነገረው።

ሌላው ስም የሌለው ሐዘን ነው። ፖሊን ቦስ የተባለች ምሁር «ደብዛዛ ማጣት» ልንለው የምንችል ሐሳብ አላት። ሰው አልሞተም፣ ግን የለም። ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ አርባ አይወጣለትም። የሄደ ሰው እንዲህ ያለ ማጣት ሞልቶታል። ስፔን ውስጥ ስደተኞችን የሚያክመው ሐኪም ዮሴባ አቾቴጊ ሰባት ሐዘኖችን ይቆጥራል። ቤተሰብን፣ ቋንቋን፣ ባህልን፣ መሬትን፣ ማኅበራዊ ደረጃን፣ ወገንን እና የአካል ደኅንነትን ማጣት። ከዚህ የሚመጣው ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መባባት በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም ይላል። ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ላይ የሚመጣ ነው። ሸክሙ ሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ወይም መኖር ከንቱ መስሎ ከታየ ግን ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል። ፈጥኖ።

ለጉብኝት የተመለሰ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ጽፈውበታል፤ ወደ ቤት መመለስም የራሱ መውረድና መውጣት አለው። ትቷት የሄዳት ከተማ አልጠበቀችውም። ታናሹ አግብቷል፣ መንገዱ ተቀይሯል፣ ቀልዱ አዲስ ነው። እዚያ «የእኛ አገር» ሲል አንዳንዴ አዲሱን አገር ማለቱ ይሆናል፤ አፉ ላይ ሲመጣ ይደነግጣል።

ስልክ የምትደውሉ ዘመዶች፣ «ለመድከው?» ማለት ክፋት የለውም፤ ግን ሌላም ጥያቄ ጨምሩበት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ማን ያስተረጉምልሃል? በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ሻይ ጠጣህ? የቤትህ ቁልፍ ማታ ቢጠፋ ማን ቤት ትሄዳለህ? የመጨረሻዋን ጥያቄ በየዓመቱ ጠይቁት። በመጀመሪያው ዓመት መልስ ላይኖረው ይችላል። በሁለተኛው የአንድ ሰው ስም ይነግራችሁ ይሆናል፤ በሦስተኛው ደግሞ «ቁልፌን እኮ ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ» ይላችሁ ይሆናል።